የጀርመን ሐኪም ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ፦ «ቀላል ነው» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን ጀርመን አገር ለምንኖር ሀበሾች ተብሎ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንብቤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ከሆስፒታል ስንወጣ የሚሰጡንን አርትስትብሪፍ፣ ማለትም የሐኪሙን ደብዳቤ፣ አገር ቤት ለሚያየን ዶክተር እንዴት ወደ እንግሊዝኛ እንገልብጠው ነው የሚለው። እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ የታካሚው ካርድም የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ እዚህ እግሩ ተሰብሮ የታከመ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ክትትሉን ሲቀጥል ጀርመንኛውን ወረቀት ብቻ ይዞ ከሄደ ዶክተሩም ይቸገራል እሱም ይጉላላል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ችግሩ የሰጡት ምክር ነው። አምስት ነገር ብለዋል፦ ላቲን የሆነው ቃል በሁለቱም ቋንቋ አንድ ስለሆነ እንዳለ ተዉት፣ ረጃጅሞቹን የጀርመንኛ ቃላት ቆራርጣችሁ አንድ በአንድ ተርጉሙ፣ ዋናው ስብራቱ ስለሆነ በትናንሽ ቁስሎች ስም አትጨነቁ፣ አህጽሮቶቹን ዶክተር ስለሚያውቃቸው አትንኳቸው፣ ካቃታችሁ ደግሞ ማሽኑ በነጻ ይሠራላችኋል። መጨረሻ ላይ ራሳቸው የተረጎሙትን ናሙና አስቀምጠዋል፣ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ እዚሁ ጀርመን የኡንፋልኺሩርጊ፣ በአማርኛ የአደጋ ጉዳት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፣ ከሥራ ውጪ ደግሞ ለዘመድ ለወዳጅ እነዚህን ደብዳቤዎች ስገለብጥ ዓመታት አልፈዋል፣ እና በእንደዚህ ዓይነት ትርጉም ሰው ሲጉላላ በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከላቲኑ ልጀምር። እርግጥ ስብራቱ፣ ፍራክቱር፣ ፍራክቸር ነው፣ መበጠሱ፣ ሩፕቱር፣ ራፕቸር ነው፣ የቋጠረው ደም፣ ሄማቶምም፣ ሄማቶማ ነው፣ ይሄን ማንም አይክድም። ግን የጀርመን ሐኪሞች በየቀኑ ከሚጽፏቸው ቃላት አንዱ ዲስቶርዝዮን ነው። «ዲስቶርዝዮን ኦ-ኤስ-ጌ ሬኽትስ» ሲሉ በእኛ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው ማለታቸው ነው፣ ወለምታ፣ በቃ። ተራው ሰው በጀርመንኛ ፈርሽታውኹንግ ይለዋል፣ እንግሊዝኛው ስፕሬን ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ዲስቶርሽን የሚል ቃል አለ፣ ግን እሱ የድምፅ ወይ የምስል ወይ የቅርጽ መበላሸት ነው እንጂ ወለምታ አይደለም፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲጻፍ ደግሞ እግሩ ተጣሟል ተብሎ ነው የሚነበበው። የማውቃቸው አንዲት እናት በረዶ አዳልጧቸው ወድቀው እግራቸውን ወለም ብሏቸው ነበር፣ ደብዳቤያቸውን የገለበጠላቸው ሰው ልክ እንደዚህ ምክር ዲስቶርዝዮኑን ዲስቶርሽን ብሎ አስቀመጠው፣ አገር ቤት ያያቸው ወጣት ዶክተር አጥንቱ ተጣሞ የገጠመ መስሎት እንደገና ራጅ አስነሳቸው፣ ራጁ ላይ ምንም ሲያጣ ደግሞ ወረቀቱ የሌላ ሰው እንዳይሆን ተጠራጠረ። ዶክተሩ ምን ያድርግ፣ የተጻፈለትን ነው ያነበበው። የእሳቸው ገንዘብና ጊዜ ግን ሄደ።

ጭንቅላት ላይ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ኮሞትሲዮ ጼሬብሪ እና ኮንቱዚዮ ጼሬብሪ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በተለምዶ ገሂርንኤርሹተሩንግ የሚሉት ነው፣ ጭንቅላት ተመትቶ አንጎል ሲናወጥ፣ ሲቲ ስካን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይም፣ እንግሊዝኛው ኮንከሽን ነው። ሁለተኛው አንጎሉ ራሱ የበለዘበት፣ ደም የቋጠረበት ነው፣ ሲቲ ላይ የሚታይ፣ እንግሊዝኛው ሰሪብራል ኮንቱዥን ነው። አሁን ላቲኑን እንዳለ ተወው የተባለ ሰው ኮሞትሲዮን ምን ብሎ ሊተወው ነው? እንግሊዝኛ ውስጥ ኮሞሽን ማለት ግርግር ነው። ኮንቱዚዮን ደግሞ ለጆሮ ስለሚቀርብ ኮንከሽን ብለው የጻፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ያኔ አንጎሉ ውስጥ ደም የነበረበት ሰው ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይቀርባል፣ ነገ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ልስጠው አልስጠው ብሎ የሚወስነው ሐኪም ይሄንን ወረቀት ይዞ ነው የሚወስነው። ሼደል-ሂርን-ትራውማ፣ ባጭሩ ኤስ-ሃ-ቴ፣ የሚባለውም እንደዚሁ ነው፣ ቃል በቃል የራስ ቅልና የአንጎል ጉዳት ይመስላል፣ ቅሉ ግን ሳይሰነጠቅም ሊጻፍ ይችላል፣ እንግሊዝኛው ትራውማቲክ ብሬን ኢንጁሪ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያግዝ ነገር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚሠራበት፣ የታካሚው ንቃት የሚለካበት የግላስጎው ኮማ ስኬል ቁጥር በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፣ ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ ከ3 እስከ 8 ከባድ። ደብዳቤው ላይ ቁጥሩ ካለ አትዝለሉት፣ ቃላችሁ ቢስት እንኳን ቁጥሩ ያርመዋል።

ሉክሳትስዮን ላይ ብዙ አልቆይም። ውልቃት ነው፣ እንግሊዝኛው ዲስሎኬሽን ነው፣ ላክሴሽን የሚለውን እንግሊዝኛ በብዛት የሚጠቀሙት የጥርስና የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው።

ሁለተኛው ምክር፣ ቃሉን ቆራርጡት የሚለው፣ በጣም ያሳሰበኝ ነው ምክንያቱም ለሰሚ ትክክል ይመስላል። ጀርመንኛ ቃልን በቃል ላይ እየቀጠለ ስለሚሄድ ክፍሎቹን ማወቅ ለመረዳት በጣም ይጠቅማል፣ እኔም ቋንቋውን የተማርኩት እንደዛ ነው። ለመተርጎም ግን አደጋ ነው። ብሩኽ ስብራት ነው አይደል፣ ላይስተ ደግሞ ብሽሽት ነው፣ እና ላይስተንብሩኽን ቆርጠን ስንተረጉመው የብሽሽት ስብራት ይሆናል። ላይስተንብሩኽ ግን ቡአ ነው! ስብራት የለም፣ አጥንት አልተነካም፣ አንጀት ወይ ስብ በደከመው የሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ብሽሽት ወጥቶ ነው፣ እንግሊዝኛው ኢንግዋይናል ኸርኒያ ነው። ናርበንብሩኽም የጠባሳ ስብራት አይደለም፣ በድሮ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ በኩል የወጣ ኸርኒያ ነው። ጀርመኖቹ የአጥንት መሰበርንም የሆድ ግድግዳ መቀደድንም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ ከፊቱ የተቀጠለው ቃል ብቻ ነው፣ እሱንም ትርጉሙን ሳይሆን የት የሰውነት ክፍል ላይ እንዳለ አይታችሁ ነው የምትለዩት።

አጥንቶቹ ራሳቸው በጀርመንኛ የቤት ስም አላቸው። ዮኽባይን፣ የቀንበር አጥንት፣ የጉንጭ አጥንት ነው፣ ዛይጎማ። ሽፕሩንግባይን፣ የዝላይ አጥንት፣ የቁርጭምጭሚት አጥንት ነው፣ ታለስ። ከሁሉም አሳሳቹ ካንባይን ነው፣ የጀልባ አጥንት፣ ምክንያቱም እጅም ላይ እግርም ላይ አለ። የእጁ በእንግሊዝኛ ስካፎይድ ነው፣ የእግሩ ናቪኩላር ነው፣ ድሮ ደግሞ የእጁንም ናቪኩላር ይሉት ስለነበር መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ቃል ያነሳ ሰው የእጅ ስብራትን እግር ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። እና ይሄ አጥንት ቀልድ አይደለም፣ የእጁ ስካፎይድ ደም የሚያገኘው ከጣት በኩል ካለው ጫፉ ነው፣ መሀሉ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ ያለው ግማሽ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፣ ስብራቱ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ለዛ ነው ራጁ ንጹህ ሆኖም እጁን በስፕሊንት ይዘው ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን ቆይተው እንደገና የሚያዩት። ይሄን የማያውቅ ተርጓሚ «የጀልባ አጥንት» ብሎ ሲጽፍ የዶክተሩ ጥርጣሬ ሁሉ ቃሉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

አንድ ሌላ ልጨምር። ከብስክሌት ወድቀው በትከሻቸው የሚያርፉ ሰዎች ብዙዎቹ ይዘውት የሚመጡት ጉዳት ሹልተርኤክገሌንክሽፕሬንጉንግ ይባላል። በጸሐፊው ዘዴ ስንቆራርጠው ትከሻ፣ ጥግ፣ መጋጠሚያ፣ ከዛ ሽፕሬንጉንግ፣ እሱም ድንጋይ በድማሚት ማፈንዳት የሚባልበት ቃል ነው። የትከሻ ጥግ መጋጠሚያ ፍንዳታ! እንግሊዝኛው ኤ-ሲ ጆይንት ሴፓሬሽን ነው፣ የማጅራት አጥንት ሳይሆን ከፊት ለፊት ያለችው የአንገትጌ አጥንት ከትከሻው ጫፍ ጋር የያዛት ጅማት ተበጥሶ ወደ ላይ ብድግ ስትል ማለት ነው። ፍንዳታ የሚል ወረቀት ያነበበ ሐኪም ፍንጣሪ ነው የሚፈልገው፣ ጆሮው ይሰማል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ጦርነት ካየ አገር ለሚመጣ ወይም ወደዛ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ይሄ ቃል ከሕክምናም ያለፈ ጥያቄ ያስነሳበታል። ከብስክሌት ነው የወደቀው እኮ።

ጸሐፊው ያላነሱት ግን በዚሁ ምክራቸው ሥር የሚወድቅ፣ እኔ ከስብራት ስሞቹ ሁሉ በላይ የምፈራው ደግሞ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያለው የመመሪያ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊዘርላንድ ውስጥ አ-ኦ የሚባለው የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ተቋቁሞ አጥንትን በብሎንና በፕሌት አጥብቆ ማሰር፣ ከዛ ቶሎ ማንቀሳቀስ የሚለውን አካሄድ ካስፋፋ ወዲህ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሐኪሞች ጥገናው ምን ያህል እንደሚችል የሚለዩባቸው ቃላት አሏቸው። ኡቡንግስሽታቢል አለ፣ በላስቱንግስሽታቢል አለ። ሁለተኛው እግሩ ክብደት ይችላል፣ ይቁምበት ማለት ነው። የመጀመሪያው ግን መጋጠሚያውን ፊዚዮቴራፒ ላይ ማጠፍና መዘርጋት ይቻላል፣ መርገጥ ግን አይቻልም ማለት ነው። ኡቡንግ ልምምድ፣ ሽታቢል የጸና፣ ቆርጠን ስንገጥመው ለስፖርት የጸና ይመስላል። በዚህ ቃል የተነሳ ክራንቹን ጥሎ የተራመደ ሰው ፕሌቱ ሊታጠፍ ብሎኑ ሊነቀል ይችላል። እንግሊዝኛው ረዘም ቢልም መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ መጋጠሚያ ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል፣ ኖን-ዌይት ቤሪንግ። ታይልበላስቱንግ 20 ኪሎ፣ ማለትም በከፊል እስከ 20 ኪሎ ብቻ ይርገጥ፣ የሚል ካለ ደግሞ 20 ኪሎዋን አትጣሏት፣ በቤት ሚዛን ላይ እግራቸውን አሳርፈው እስከ ሃያ ድረስ እንዲለማመዱ የሚያሳዩዋቸው ለዚህ ነው። እና በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ቃላት አሉ፣ ኤንትላስቱንግ እና ኤንትላሱንግ፣ የመጀመሪያው ክብደት አለማሳረፍ ነው፣ ሁለተኛው ከሆስፒታል መውጣት ነው። ኤንትላስቱንግ 6 ቮኸን የሚለው ስድስት ሳምንት አትርገጥ ማለት ሆኖ ሳለ ስድስት ሳምንት ፈቃድ ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ።

ሥራ ላይ የተጎዳችሁ ካላችሁ፣ መጋዘን፣ ጽዳት፣ አረጋውያን እንክብካቤ፣ ደብዳቤያችሁ ላይ ዱርኽጋንግስአርትስት የሚል ታገኛላችሁ። ቆራርጣችሁ የመተላለፊያ ሐኪም አትበሉት። ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1884 ካወጣው የአደጋ ዋስትና ሕግ የመጣ ሥርዓት ነው፣ የሥራ አደጋ የሚያይና ሪፖርት የሚጽፍ፣ ቤሩፍስገኖሰንሻፍት ከሚባሉት የሥራ አደጋ መድን ድርጅቶች ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው። እዛው ሪፖርት ውስጥ ያለው ኤም-ዴ-ኤ፣ የመሥራት አቅም መቀነስ፣ 20 በመቶ ደርሶ ከ26 ሳምንት በላይ ከቆየ ጡረታ የሚያስገኝ ቁጥር ነው፣ የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ ላይ ካለው ገ-ዴ-ቤ፣ የአካል ጉዳት ደረጃ፣ ጋር አንድ አይደለም፣ ሁለቱንም ዲሰቢሊቲ ብሎ መተርጎም ለሚያነበው መሥሪያ ቤት ውሸት መንገር ነው።

ሦስተኛው፣ ትናንሽ ቁስሎች። ጸሐፊው «ሁሉንም ዉንድ በሉት» ብለዋል። ጀርመኖቹ ግን ቁስሉን ሲጠሩት እንዴት እንደደረሰ አብረው ይናገራሉ። ሽኒትቩንደ ስለት ቆርጦት ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ፕላጽቩንደ ደንዳና ነገር መትቶት ቆዳው አጥንት ላይ ሲፈነዳ ነው፣ ቅንድብ ላይ፣ ግንባር ላይ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ። ሹርፍቩንደ አስፋልት የላጠው ነው፣ አብሬዥን። ክቬቹንግ የተጨፈለቀ ነው፣ ክራሽ ኢንጁሪ ሊሆን ይችላል፣ ፕሬሉንግ ግን የበለዘ ብቻ ነው፣ ኮንቱዥን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች የተቆረጠውንም የፈነዳውንም ላሰሬሽን ስለሚሉ ተርጓሚው እንደተመቸው ይጽፋል። የሕግ ሕክምና ባለሙያዎች ግን ይለያሉ፣ ላሰሬሽን ለእነሱ በደንዳና ነገር የተቀደደ ብቻ ነው፣ በስለት የሆነው ኢንሳይዝድ ዉንድ ነው። ወረቀቱ ፖሊስ ጋ ወይ ፍርድ ቤት ከሄደ በቢላ ተቆረጠ እና በር ላይ ተጋጨ የሚለው ልዩነት እዚች ቃል ላይ ነው ያለው።

ከእኛ ሰዎች ውስጥ ደግሞ ለጥገኝነት ጉዳያቸው የድሮ ጠባሳቸውን በሐኪም ያስጻፉ አሉ። የስቃይ ምልክቶች የሚመዘገቡበት የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ፣ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሐኪሙ ጠባሳው ከተነገረው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚሄድ በደረጃ እንዲጽፍ ያዛል፣ አይሄድም፣ ይሄዳል፣ በጣም ይሄዳል፣ ዓይነተኛ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጀርመኑ ሐኪም «ፈርአይንባር ሚት» ብሎ ሲጽፍ እንግሊዝኛው ኮንሲስተንት ዊዝ ነው። «ሆኽግራዲኽ» የምትል ቃል ከፊቷ ካለች ሃይሊ ነች፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለች። እሷን ቃል የጣለ ተርጓሚ የአንድ ሰው ምስክርነት ላይ አንድ ደረጃ ቀንሷል። ትናንሽ ቁስል የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ቃጠሎንም በዚሁ ላንሳ። ፈርብሬኑንግ እሳት ነው፣ ፈርብሩኡንግ የፈላ ውሃ ወይ እንፋሎት ነው፣ እንግሊዝኛው ስኮልድ፣ ፈርኤጹንግ ደግሞ በረኪና ወይ አሲድ ነው፣ ኬሚካል በርን። ደረጃው ላይ 2 አ እና 2 ቤ የሚል ሲኖር ፊደሏን ጥሎ ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። 2 አ ላይ ላዩን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለጠባሳ ይድናል፣ ሱፐርፊሻል ፓርሻል ቲክነስ። 2 ቤ ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቆዳ መለጠፍ ያስፈልገዋል፣ ዲፕ ፓርሻል ቲክነስ። አንድ ፊደል ናት፣ ግን ለልጁ እናት ቀዶ ሕክምና አለ የለም ማለት ናት።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የራሳችን ወጥመድ አለብን። ባንድም ዜነም በአማርኛ ጅማት ነው፣ ወጌሻው ጋ ስንሄድ ያሳደገን ቋንቋ አይለያቸውም። ባንድ አጥንትን ከአጥንት የሚያስር ነው፣ ሊጋመንት፣ ዜነ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስር ነው፣ ቴንደን። ቤንደርሪስ፣ የሊጋመንት መበጠስ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፣ የተረከዝ ዜነ መበጠስ ግን ሌላ ነገር ነው። በልባችን ጅማት ብለን አስበን ወደ እንግሊዝኛ ከወጣን የቱ እንደሚመጣ ዕድል ነው። ጼሩንግ የሚለውም ጡንቻ ላይ ሲሆን ስትሬን ነው፣ ባንድ ላይ ሲሆን ስፕሬን ነው፣ ስለዚህ ከቃሉ በፊት የቱ ክፍል እንደሆነ መፈለግ ነው።

አራተኛው ምክር አህጽሮቶቹን እንዳሉ ተዉ ይላል፣ ዶክተር ያውቃቸዋል በሚል። የትኛው ዶክተር? የጀርመኑ ያውቃቸዋል። የአዲስ አበባው የሚያውቃቸው የእንግሊዝኛዎቹን ነው፣ እና ከባዱ ነገር አንዳንዶቹ ፊደላት በሁለቱም ቋንቋ አሉ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ኦ-ቤ፣ ኦነ በፉንት፣ ምንም አልተገኘም ማለት ነው፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ሁለቱ ፊደላት የማህፀንና ወሊድ ክፍል ናቸው። ፋው-አ፣ ፈርዳኽት አውፍ፣ ተጠርጥሯል ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ግን የዓይን የማየት አቅም ይሆናል። ቤ-ዴ-ኤስ፣ በሁለቱም በኩል ማለት ነው፣ በእንግሊዞች የመድኃኒት ማዘዣ ላይ በቀን ሁለቴ ነው። ዴ-ኤም-ኤስ ኢንታክት ማለት የደም ዝውውሩ፣ እንቅስቃሴውና ስሜቱ ደህና ነው ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ኒውሮቫስኩላርሊ ኢንታክት፣ ስብራት ላለበት እጅ ደግሞ ይሄ ዓረፍተ ነገር ከስብራቱ ስም እኩል ይነበባል። የጉልበት ፋው-ካ-ቤ፣ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ በእንግሊዝኛ ኤ-ሲ-ኤል ነው። አከርካሪ ላይ ሃ-ቬ-ካ የአንገት ነው፣ ሲ ይሆናል፣ ቤ-ቬ-ካ የደረት ነው፣ ቲ ይሆናል፣ ኤል-ቬ-ካ የወገብ ነው፣ ኤል ይሆናል። ቤ-ቬ-ካ 12ን ቢ 12 ብሎ የጻፈ ትርጉም እጄ ገብቷል፣ የተሰበረ አከርካሪ ቪታሚን ሆኖ ነበር።

ጼት-ኤን፣ ጹሽታንድ ናኽ፣ ከዚህ ቀደም ነበር ማለት ነው። ይቺ ስትጣል የሦስት ዓመት ስብራት የትናንት ይሆናል።

ከሁሉ ያሳመመኝን ልንገራችሁ። የጀርመን የተመላላሽ ሐኪሞች የበሽታውን ኮድ ሲጽፉ ከኮዱ ኋላ አንድ ፊደል ያደርጋሉ፣ ጌ ከሆነ ተረጋግጧል፣ ፋው ከሆነ ተጠርጥሯል፣ ጼት ከሆነ ድሮ የነበረ ነው፣ አ ከሆነ ደግሞ ተፈልጎ የለም ተብሏል ማለት ነው። አንድ ወንድም ኤስ62.0 አ የሚል ወረቀት ነበረው፣ ኤስ62.0 የስካፎይድ ስብራት ነው፣ አ-ዋ ስብራቱ የለም ትላለች። ተርጓሚው አ-ዋን ምንም አይደለችም ብሎ አለፋት፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት እጁ የተሰበረ ሆኖ ወጣ፣ ሊቀጥሩት የነበሩት ሰዎች ያንን አይተው ለከባድ ሥራ አትሆንም አሉት። ያልተሰበረ እጅ! ዋናውን ወረቀት ይዞ መጥቶ አብረን እስክናስተካክለው ድረስ ወር ፈጀ። አህጽሮቶቹን አትንኩ የሚለው ምክር ሲነበብ እኔ የማስበው ይሄን ልጅ ነው።

ስለ ማሽኑ ባጭሩ። ለረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ሰዋስው ላይ ከእኔ የተሻለ ነው። ግን አርትስትብሪፍ አብዛኛው ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ ነጠላ ቃልና አህጽሮት ነው፣ ማሽኑ የሚደገፍበት ዙሪያ ሐሳብ የለውም። ካንባይን ብቻውን ሲሰጡት እጅ ይሁን እግር በምን ያውቃል። ደግሞ ስም፣ የልደት ቀንና የክራንከንካሰ፣ የጤና መድን፣ ቁጥር ያለበትን ወረቀት እንዳለ አንስቶ ማስገባት ጸሐፊው ሊያስጠነቅቁበት የሚገባ ነገር ነበር፣ ቢያንስ እነሱን ሸፍናችሁ አስገቡ።

አሁን ወደ ናሙናቸው። ጀርመንኛው በድምፁ ሲጻፍ እንዲህ ነበር፦ «ጼት-ኤን ሽቱርጽ። ፋው-አ ካንባይንፍራክቱር ሬኽተ ሃንድ። ዲስቶርዝዮን ኦ-ኤስ-ጌ ሊንክስ። ዴ-ኤም-ኤስ ኢንታክት። ኤንትላስቱንግ 1 ቮኸ። ኮንትሮለ ኢን 10 ታገን።» እሳቸው በእንግሊዝኛ ያወጡት፦ «አፍተር ፎል፣ ቦት ቦን ፍራክቸር ራይት ሃንድ፣ ሌፍት ኦ-ኤስ-ጂ ዲስቶርሽን፣ ዲ-ኤም-ኤስ ኢንታክት፣ ዲስቻርጅ 1 ዊክ፣ ኮንትሮል 10 ዴይስ።»

እኔ እንዲህ አደርገው ነበር፦ «ስታተስ ፖስት ፎል። ሰስፔክትድ ስካፎይድ ፍራክቸር፣ ራይት ሃንድ። ሌፍት አንክል ስፕሬን። ኒውሮቫስኩላርሊ ኢንታክት። ኖን-ዌይት ቤሪንግ ፎር 1 ዊክ። ፎሎው-አፕ ኢን 10 ዴይስ።» ከጎኑ ደግሞ የጀርመንኛውን መስመር እንዳለ እተወዋለሁ፣ ማንም የሚጠራጠር ሰው እንዲያመሳክር፣ የራጁን ሲዲም ከደብዳቤው ጋር አያይዛለሁ።

ሁለቱን አስተያዩአቸው። የእሳቸው ላይ ጥርጣሬው ጠፍቶ ስብራት ሆኗል፣ አትርገጥ የተባለው ሰው ከሆስፒታል ወጥቷል፣ በአሥር ቀን ተመልሶ ይታይ የተባለው ኮንትሮል ሆኖ ቀርቷል። እና ያ አሥር ቀን የተጻፈው የእጁ ስንጥቅ መጀመሪያ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ነው። ጽሑፋቸውን ሁለት ጓደኞቼ ልከውልኛል፣ አንዷ ናሙናውን በእጇ ገልብጣ ለአባቷ ወረቀት ልትጠቀምበት ነበር። ጸሐፊው ሌላውን ባይቀበሉኝም እቺን ናሙና ግን ዛሬውኑ ያርሟት፣ አባቷ የሚበሩት የፊታችን ሐሙስ ነው።